የሰባት ቤት ማውጫ

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁትም ይሰማችሁ። የዛሬው ትረካዬ የሚነሣው ከሐዋሳ ነው፤ ከሲዳማ ባህል አዳራሽ ደጅ። ሐዋሳ ላይ ለባጃጅ ሹፌር «ባህል አዳራሽ» ካላችሁት ሌላ ምልክት አይጠይቃችሁም። ስብሰባ የማይታጣበት ቤት ነው። ስብሰባ ባለበት ሽማግሌ አይጠፋም፤ ሽማግሌ ባለበት ደግሞ ዘር ቆጠራ አይቀርም። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጡና አንዱ «የማን ልጅ ነህ?» ይላል። አባት ይጠራል፣ አያት ይጠራል፣ ጎሳ ይጠራል። አራት አምስት አባት ወደ ላይ እንደወጡ አንድ ስም ላይ ይገጣጠማሉ፤ ስብሰባው ሳይጀመር ዘመዳማች ሆነው ያርፋሉ።

እዚህ ደጅ ላይ አንዲት ልጅ ላቁምላችሁ። የትረካዬ ልጅ ናት፤ ስም አልሰጣትም፣ አትፈልጓት። እንደሷ ያሉት ግን እውነተኞች ናቸው፤ በሺህ ይቆጠራሉ። በእኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም.፣ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች፣ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደች። ጉዲፈቻው የደራበት ዘመን ነበር። በፈረንጆቹ 2010 የበጀት ዓመት ብቻ ከ2 ሺህ 500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት አሜሪካ ገብተዋል። በዓመቱ መንግሥት ደነገጠ፤ በቀን እስከ 50 ይታይ የነበረውን ጉዳይ ወደ 5 አወረደው። ጥር 2010 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ምክር ቤቱ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ጭራሹን ዘጋው። በሩ ሲዘጋ የሄዱት ሄደዋል።

ልጅቷ ዛሬ ሃያ ዓመቷ ነው። አንድ ክላሰር ይዛ መጥታለች። በውስጡ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የእንግሊዝኛው ትርጉም፣ የሕፃን ፎቶግራፍና አንድ የልደት ምስክር ወረቀት አለ። የእናቷ ስም ተጽፏል፤ በአባት ቦታ «በሕይወት የለም» ይላል። ቀበሌውም አለ። አፏን የፈታችበት ቋንቋ ግን ጠፍቷታል፤ ስለዚህ ከአስተርጓሚ ጋር ነው የመጣችው። አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰዷት። ሽማግሌው የጎሳቸውን አባቶች ከላይ እስከ ታች ሲያወርዱ ትንፋሽ አይወስዱም ይባልላቸዋል።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

እናቷን በስም ጠራች።

«ደግ፣ እሷስ ትሁን። የማን ልጅ ነሽ?»

«አባባ፣ የአባቷን ስም አታውቅም» አለ አስተርጓሚው።

ሽማግሌው ዝም አሉ። ጨክነው አይምሰላችሁ። እሳቸው ዘንድ ያለው መዝገብ የሚከፈተው በአባት ስም ነው። ልጅቷ የያዘችው ቁልፍ የሌላ በር ሆነባቸው።

እሷን እዚሁ ጥላ ሥር እናስቀምጣትና እኛ ዞር ዞር እንበል። ምክንያቱም የዚህች ልጅ ጉዳይ የእሷ ብቻ አይደለም። የአገሩ መዛግብት የት እንዳሉ፣ ማን እንደያዛቸው፣ ፎቶ ተነሥተው ኮምፒውተር ከገቡ በኋላስ ሰው እንዴት እንደሚያገኛቸው የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

ከሽማግሌው ቃል ልጀምር። የሲዳማ ቃል ዘሩን ከሁለት አባቶች፣ ከቡሼና ከማልዴያ ያወርደዋል። ከእነሱ ጎሳ ይወጣል፣ ከጎሳ ቤት ይወጣል። ዓመተ ምሕረት የለም ብላችሁ ግን እንዳትንቁት። ሉዋ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ደራራ፣ ፉላሳ፣ ሂርቦራ፣ ዋዋሳ፣ ሞጊሳ የተባሉ አምስት ምድቦች በየሰባት ስምንት ዓመቱ ይፈራረቃሉ። «አያቴ የሂርቦራ ሰው ነበር» ያለ ሰው ዘመን ነግሯችኋል። ችግሩ ሂርቦራ ተመልሶ መምጣቱ ነው፤ ሠላሳ አምስት አርባ ዓመት ሲሞላ ያው ስም ይመለሳል። ስለዚህ ጠያቂው ብልህ ከሆነ «የትኛው ሂርቦራ? ጋዳናው ማን ነበር?» ይላል። ጋዳና የምድቡ መሪ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የማያውቅ ሰው መቅረጫ ይዞ ቢመጣ የሁለት ሰዓት ድምፅ ይዞ ይሄዳል እንጂ ዘመን ይዞ አይሄድም።

በሰሜኑም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ምንጅላት፣ እንጅላት እያለ ሰባት ቤት የሚቆጥር አማራ የሚቆጥረው ለኩራት ብቻ አይደለም፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። ርስትም በዚያው ቆጠራ ይጠየቅ ነበር። ታዲያ ርስት ያለበት ቆጠራ አንዳንዴ ይጣመማል። ልጅ ሳይወልድ የሞተው ይዘለላል፣ የተጣላው ይፋቃል፣ የተጠጋው እንደተወለደ ይቆጠራል። እኔ ሽማግሌ አከብራለሁ፤ ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ብቻ ሰምቶ መዝገብ ዘጋሁ የሚል ሰው አያሳምነኝም። ሁለት መሰማት አለባቸው፤ ቢቻል የተኮራረፉ ሁለት።

ወረቀቱስ? ወረቀት አለ። በየቤቱ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አለ። ከምኒልክ ዘመን ዘመቻ በኋላ የሲዳማ መሬት በቀላድ እየተለካ ሰዉ ገባር ሆነ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ለብዙ ዘመን ያስተዳደሩት አገር ነው። ገባርነት መራራ ነበር፤ ግን ወረቀት ጥሎ ሄዷል። የጃንሆይ ዘመን የግብር ደረሰኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠርዙ የተበላ፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ ቁራጭ፣ ወይን ጠጅ ማህተም የፈሰሰበት። የከፋዩ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የመሬቱ መጠን፣ የተከፈለው ብር። አንዳንዴ የከፋዩ ስም ሳይሆን የባላባቱ ስም ይሆናል፤ እዚያ ላይ ገባሩ እንደሌለ ሰው ይቀራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ደረሰኙ ለገንዘብ ዋጋ አጣ። ብዙ ቤት ግን አልጣለውም። ዛሬ የአያት ስም በማህተም ተደግፎ ከሚገኝባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ እሱ ሆኖ ቁጭ አለ።

የመንግሥት ወረቀት ደግሞ እግር አለው። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ መጀመሪያ ይርጋለም ነበረች፤ በኋላ ሐዋሳ ሆነች። ከዚያ የደቡብ ክልል መጣና ከካፋ እስከ ጌዴኦ ያለው አገር ጉዳዩን ሐዋሳ ድረስ ይዞ ይመላለስ ጀመር። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ድምፅ ሰጥቶ ክልል ሆነ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ፣ በ2015 ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ እየተባሉ ክልሎች ተወለዱ፤ ቢሮዎቹም ወደ ቦንጋ፣ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕና ተበተኑ። ቢሮ ሲዛወር ወንበርና መኪና ይቆጠራል፤ ርክክብ ይፈረማል። መዝገብ ቤት ሥር ያለ የሠላሳ ዓመት ዶሴ ግን ማን ይቆጥረዋል? የዳውሮ ሰው የአባቱን የሥራ ማህደር ፍለጋ ሲነሣ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «የት ነበር?» ብሎ ነው፤ «የት ነው?» የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። እንዲህ ያለ አገር ላይ ስካነር ቅንጦት አይደለም።

በዚህ ላይ የስሙ ነገር አለ። አንድ የሲዳማ ልጅ ቤት ውስጥ አንድ ስም አለው። ሚሲዮን ሲጠመቅ ሌላ ይጨመርለታል። ትምህርት ቤት ሲገባ የመምህሩ ምላስ የከበደው ስም ወደ አማርኛ ይገለበጥ የነበረበትም ዘመን ነበር። ጥምቀት መዝገቡ ላይ አንድ ሰው፣ የትምህርት ቤት ሮስተር ላይ ሌላ ሰው፣ ደረሰኙ ላይ ሦስተኛ ሰው፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። ፊደሉም ተለዋውጧል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲዳምኛ በግዕዝ ፊደል ይሰጥ ነበር፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በላቲን ይጻፋል። በሲዳምኛው ላቲን «ጠ» ድምፅ ኤክስ በሚባለው፣ «ጨ» ደግሞ ሲ በሚባለው ፊደል ነው የሚጻፈው። አሁን የልጅቷን ክላሰር አስቡት። አዲስ አበባ የተቀመጠ ተርጓሚ እነዚህን ድምፆች በእንግሊዝኛ እንደመሰለው ጽፏቸዋል። ቀበሌው በሲዳምኛ ጽፏቸዋል። የድሮው መዝገብ በግዕዝ ይዟቸዋል። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ ያው ስም ነው» የሚል ሰው ከሌለ ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» ብሎ ያሰናብታታል።

«ታዲያ የልደት ምስክር ወረቀት አላት አላልክም?» ትሉኛላችሁ። አላት። ግን መቼ ተጻፈ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደትና የሞት መዝገብ እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ያ ክፍል ግን ሥራ ላይ እንዳይውል ታግዶ ቆየ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 መጣ፤ በመላው አገር ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። እሷ ከዚያ በፊት ሄዳለች። የያዘችው ወረቀት ስትወለድ ሳይሆን ለጉዞ ሲባል የተጻፈ ነው፤ ዕድሜዋም ግምት ነው።

እስቲ ደግሞ ወደ ሰሜን እንሻገር፤ መዝገብ ፎቶ ማንሣት ለዚህ አገር አዲስ ነገር እንዳልሆነ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ቤተ ክህነትና ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ከሌሎች ጋር ተባብረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። ደርግ መጣ፣ ጦርነት መጣ፤ ሥራው ግን ቀጠለ። መጨረሻ ላይ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተው ነበር። ፊልሙ ግን ፊልም ነው። ዘጠኝ ሺህ መጽሐፍ ጨለማ ውስጥ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ለማን ይጠቅማል?

እዚህ ላይ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው ተኮሱባቸው፤ ከሞት ተርፈው በተሽከርካሪ ወንበር ቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጅቪል ገቡና ያን ፊልም አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። ይህ መጽሐፍ ምንድን ነው፣ ማን አስጻፈው፣ በማን ዘመን፣ ባዶ ቅጠሉ ላይስ ምን ተጻፈ? እያሉ መዘገቡት። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ሲሰጣቸው ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ከዚያ ሥራ አልተለዩም። ፎቶ ማንሣቱ ዓመታት ወሰደ፤ ማውጫው ዕድሜ ልክ በላ። ሂሳቡን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ያቺ ባዶ ቅጠል ነገር ታስገርመኛለች። የእኛ አባቶች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውን ወንጌል እንደ ውል መዝገብ ተጠቅመውበታል። በገጹ ኅዳግና ባልተጻፈበት ቅጠል ላይ ሻጭና ገዥ፣ ዋስና ምስክር፣ ኑዛዜና የርስት ክፍፍል ሰፍሯል። ዶናልድ ክረሚ የሚባል የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ምሁር ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ እነዚህን በጎንደርና በአካባቢው እያነሣ ሰበሰባቸው። ወንጌሉን የሚያነብ ሰው በገጹ ላይ መልአክ ይፈልጋል፤ ዘር የሚፈልግ ሰው ግን በኅዳጉ ላይ አያቱን ያገኛል። ከሁሉ የሚገርመው፣ እነዚያ ውሎች ውስጥ ሴቶች ሞልተዋል። ርስት ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ፣ ይናዘዛሉ፣ ይከሳሉ። በቃል ሲቆጠር ያልተጠሩት እናቶች በቀለም ተጽፈው ተቀምጠዋል። ይህን በልባችሁ አኑሩልኝ።

ዓለምስ? ዩታ ውስጥ የሞርሞን እምነት ተከታዮች እ.ኤ.አ. በ1894 የዘር ሐረግ ማኅበር አቋቋሙ። ለቅድመ አያቶቻቸው የሚፈጽሙት ሥርዓት ስላለ ስም ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ከ1938 ጀምሮ የዓለምን መዝገብ በማይክሮፊልም እያነሡ ግራናይት ተራራ ሰርስረው አስቀመጡት። 2.4 ሚሊዮን ጥቅል ፊልም ዲጂታል አድርገው የጨረሱት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ጋናና ናይጄሪያ ላይ ደግሞ ወረቀት ስለማይበቃ ሽማግሌ ቤት ሄደው ቃል ቀድተዋል። ብርታታቸው ግን ተራራው አይመስለኝም። የአሜሪካ የ1940 ሕዝብ ቆጠራ ለሕዝብ ሲከፈት ከ160 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች ተነሡና 132 ሚሊዮን ያህል ስም በወራት ውስጥ ለማውጫው መልቀም ቻሉ። የዚያን ጊዜውን አሠራር ልብ በሉ፤ አንዱን ገጽ ሁለት ሰው ሳይተያይ ይጽፈው ነበር፣ ከተለያዩ ሦስተኛው ይዳኝ ነበር። ዳኝነቱን ስሰማ አገሬ ትዝ አለኝ፤ እኛም ሁለት ምስክርና አንድ ዳኛ ነው የምናውቀው።

ነገር ግን የእነሱን ቅጽ እንዳለ አምጥተን ብንለጥፈው ጉድ ይፈላል። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል። የትኛው ነው የቤተሰብ ስማችን? የእኔ ሁለተኛ ስም የአባቴ ነው፣ የአባቴ ሁለተኛ ስም የአያቴ ነው። አባትና ልጅ በማሽኑ ዓይን ሁለት ባዕድ ቤተሰብ ናቸው። በዚህ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አሉ፤ ሰና ሠ አሉ፤ ጸና ፀ፣ አና ዐ አሉ። «ኃይሉ» ብሎ የተጻፈውን «ሀይሉ» ብሎ የሚፈልግ ልጅ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸውና። ወልደ ማርያም በአንድ መዝገብ ተነጥሎ፣ በሌላው ተጋጥሞ ይጻፋል። እገሌ ማለት ብቻውን ምንም አይደለም፤ እገሌ የእገሌ፣ የእገሌ፣ ከዚህ ጎሳ፣ ከዚህ ቀበሌ ሲባል ነው ሰው የሚሆነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ስሙ ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈ አንድ ጊዜ፣ ፊደሉ ወጥ ተደርጎ ሌላ ጊዜ ይጻፋል። ዋናውን ማረም ነውር ነው፤ ጸሐፊው ከተሳሳተ ከነስሕተቱ ይቀመጣል። ከዚያ አባት፣ አያት፣ ጎሳ፣ ቀበሌ፤ ሉዋው ከታወቀ ሉዋው፤ የጥምቀቱና የትምህርት ቤቱ ስም እንደ ሌላ መጠሪያ። በላቲንም በግዕዝም። ባህል አዳራሹ ግቢ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ከላይ ወደ ታች እንዲያይ የሚይዝ መደገፊያ፣ ሲዳምኛና አማርኛ አሳምረው የሚያነቡ ጥቂት ወጣቶች ብናገኝ ስብሰባ ያመጣው ሽማግሌ ሳጥኑን ይዞ ይመጣል። ደረሰኙን እዚያው ፊቱ ፎቶ አንሥቶ እዚያው መልሶ መስጠት ነው። ወረቀቱን «እናስቀምጥልህ» ያሉት ዕለት ነገሩ አለቀለት፤ ማንም ተመልሶ አይመጣም።

ያቺ የፎቶና የማውጫ ሂሳብ እዚህ ላይ ትመጣለች፤ ፍላሽ ላይ ገልብጦ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍም ዲጂታል ማድረግ አይባልም። ይህን የምለው በየቦታው ስለማየው ነው። ለስካነሩ በጀት ይገኛል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፤ የፋይሉ ስም «ስካን 0001» ሆኖ ይቀራል። አሥር ሺህ «ስካን 0001» ከአሥር ሺህ የተቆለለ ዶሴ በምን ይሻላል? አቧራው ብቻ ነው የቀነሰው።

ሁሉንም እናውጣው የሚሉም አሉ። አልስማማም። በሸክላ፣ በቆዳ፣ በብረት ሥራቸው ሲገፉ የኖሩ ቤተሰቦች አሉን፤ በሰሜንም በደቡብም። የዘር ማውጫ በክፉ እጅ ሰው መስደቢያ ይሆናል፤ ጋብቻ ያፈርሳል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው የሕዝብ ቆጠራ መዝገባቸውን 72 ዓመት ሳይሞላው አይከፍቱም። እኛም ከ2016 ወዲህ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለን። በሕይወት ያለ ሰው ስም ኢንተርኔት ላይ አይሰጣም። ማውጫው የሚያውቅ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ ፈላጊ ሲመጣ ባለመዝገቡ ተጠይቆ፣ ሁለቱም ወገን ሲፈቅድ ይገናኙ። «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባለው የጉዲፈቻ ልጆችንና የወለዷቸውን የሚያገናኘው ድርጅት የሚሠራው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ልጁም የሚያውቀውን ያስመዘግባል፣ እናትም የምታውቀውን ታስመዘግባለች፣ ሲገጣጠም ይጠራራሉ።

አሁን ወደ ልጅቷ። ጥላው ሥር ትተናታል አይደል?

ሲዳማ በዓመቱ መለወጫ ፊቼ ጫምባላላን ያከብራል፤ ሐዋሳ ላይ ጉዱማሌ ይወጣል። ዕለቱን ከዋክብት የሚያነቡ አያንቶዎች ቆርጠው ለጎሳዎቹ ያስነግራሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 መዝግቦታል። የበዓሉ መነሻ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አፈ ታሪኩ እንደሚለው አንዲት ያገባች ሴት ናት። በዓመት አንድ ጊዜ ቡሪሳሜ፣ ማለት ከቆጮ፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ምግብ ይዛ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር፤ ያመጣችውንም ከጎረቤት ጋር ይበሉት ነበር። አንድ ሕዝብ ዘመን የሚለውጠው የሴት ልጅን ወደ ቤቷ መመለስ እያሰበ ነው። ዘር ሲቆጠር ግን ሴት ልጅ አትጠራም! ይህንን ለሽማግሌው ብትነግሯቸው የሚስቁ ይመስለኛል፤ ስቀውም ያስቡበታል።

ምክንያቱም ልጅቷ የያዘችው የእናት ስም ብቻ ነው ብለን ያዘንላት ተሳስተናል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ሴት ስታገባ የአባቷን ስም መጣል የተለመደ ነው፤ ዘር ፈላጊዎቻቸው የሴት አያት ሲደርሱ መንገዱ ይጠፋባቸዋል። እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም አትለቅም። የእናቷ ስም በክላሰሩ ውስጥ ከነአባቷ ተጽፏል። እናቷ ደግሞ በዚያ ስም የተጻፈችው ፍርድ ቤት ብቻ አይደለም። ሦስተኛ ክፍል ድረስም ቢሆን ተምራ ከሆነ ትምህርት ቤቷ ሮስተር አለው። በዚያ ሮስተር ላይ አባት አለ፣ አያት አለ፣ ፆታ አለ፣ ዕድሜ አለ፤ የክፍል ኃላፊ መምህሩም ፈርሟል። አንድ መስመር ነው፤ ግን የእናቷን አባትና አያት ይዟል። ያን መስመር ይዞ ሽማግሌው ዘንድ መመለስ ነው።

«አባባ፣ እናቷ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ ነች።»

«ኧ! እንደሱ አትሉኝም ታዲያ!»

ከዚያ ማን ያስቆማቸዋል። ጎሳውን፣ ቤቱን፣ ወንድሙን፣ የት መንደር እንደተዛወረ፣ የትኛዋ እህት ለማን እንደተዳረች፤ አስተርጓሚው መከተል ያቅተዋል። እናቷ በሕይወት ትኖር ይሆን፣ ትፈልጋት ይሆን፣ ዛሬ የሌላ ሰው ሚስት ሆና ያለፈውን መስማት የማትሻ ትሆን፣ እሱ ሌላ ትረካ ነው። እዚያ ላይ ማውጫው ዝም ይላል፤ ሰው ነው ቀስ ብሎ ሄዶ የሚጠይቀው።

እናንተ ውስጥ ለስካነር ገንዘብ ያገኘ ሰው ካለ ከትልልቁ ደብዳቤ አይጀምር። የገዥዎቹን ደብዳቤ ሌላም ይፈልገዋል። ይርጋለም፣ ለኩ፣ አለታ ወንዶ፣ ሀገረ ሰላም ይውረድና የትምህርት ቤቶቹን ርእሰ መምህራን የድሮ ሮስተራችሁ የት ነው ብሎ ይጠይቅ። ዕቃ ቤት ከተሰበረ ዴስክ ሥር ይሆናል። ዝናብ ሳይገባ ይድረስበት። ሲያነሣውም የሴቶቹን ስም አያልፍ፤ ማውጫው ላይ ለእናት አንድ ዓምድ ይተውላት፤ የእናት አባትን ጭምር የሚይዝ ሰፋ ያለ ዓምድ።